ዩኒቨርሲቲና ኩባንያ ሲዋዋሉ፦ የእንዶድና የጤፍ ነገር



“የምርምርና የፈጠራ ሥራን ማስፋፋት”፣ “የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር” የሚሉት ቃላት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሲነገሩ እንሰማለን። እኛም ለፈተና ስንል እንሸመድዳቸዋለን። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ “መምህር፣ ማን ነው ከማን ጋር የሚተሳሰረው?” ብሎ ቢጠይቀን ስንቶቻችን አጥጋቢ መልስ እንሰጣለን? ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፣ በአገራችን ሀብት ላይ በተፈጸሙ እውነተኛ ታሪኮች አማካይነት ለማብራራት እንሞክራለን።

ለመሆኑ ነገሩ አሁን ለምን ተነሣ? በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በአገራችን የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ መሆን ማለት ሠራተኛውን፣ ተማሪውንና ገንዘቡን በራሱ ቦርድ አማካይነት ማስተዳደር ነው። በዚያው ልክ ደግሞ የመንግሥትን በጀት ብቻ እየጠበቁ መኖር ቀርቶ የራስን ገቢ መፈለግ ማለት ነው። ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መንገድ እንዲከተሉ ታስቧል። ገቢው ከተማሪ ክፍያና ከልዩ ልዩ አገልግሎት ሊገኝ ይችላል፤ ከምርምር ውጤትም ሊገኝ ይችላል። እኛን የሚመለከተን ይኸኛው የመጨረሻው ነው።

በመኝታ ክፍላችን በዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን “ዩኒቨርሲቲ ሱቅ ነው እንዴ? ዕውቀት ይሸጣል ወይ?” ሲል፣ ሌላው ወገን “ታዲያ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጥናት ለማን ይበጃል?” ብሎ መለሰ። በኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ዘለውታል። ትስስር በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው፤ ማለትም ዕውቀቱ የማን ነው፣ ትርፉ ለማን ይደርሳል፣ አንዱ ወገን ቢያፈርስ ምን ይሆናል የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪ የሚያመርተው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ደግሞ እንደ እህል በቁና አይሰፈርም፣ እንደ ከብት አይታሰርም። ስለሆነም ባለቤት እንዲኖረው ፓተንት የሚባል ሕጋዊ መብት ተፈጠረ። ፓተንት ማለት አንድ ሰው ወይም ድርጅት ያገኘውን አዲስ የአሠራር ዘዴ ሌላው ያለ ፈቃዱ ለንግድ እንዳይጠቀምበት ለተወሰነ ጊዜ፣ በብዙ አገር ለ20 ዓመት፣ የሚሰጥ መብት ነው። በምላሹ ባለቤቱ ዘዴውን በግልጽ ጽፎ ያስመዘግባል። ዩኒቨርሲቲው ፓተንቱን ይይዝና ለኩባንያ የመሥሪያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ኩባንያው ከሽያጩ እየቆረሰ ይከፍላል። ትስስር ከሚባለው ነገር አንዱ ትልቅ ክፍል ይኸው ነው፤ ቀሪው ስብሰባና ፎቶግራፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ብቻ ነው። አንድ መምህር ግኝቱን አስቀድሞ በመጽሔት ካሳተመው በብዙ አገር ሕግ “ይህማ የታወቀ ነገር ነው” ይባላል፤ መብቱም ያመልጠዋል። መምህሩ ግን በሥራው ዕድገት የሚያገኘው በማሳተም ነው! ዩኒቨርሲቲው አሳትም ይለዋል፣ የንግድ ክፍሉ ደግሞ ዝም በል ይለዋል። ይህን ግጭት አስቀድሞ ያልፈታ ዕቅድ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ እንዶድ እንምጣ። እንዶድ ሁላችንም የምናውቀው ቁጥቋጦ ነው፤ እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት ነበር፣ ዛሬም የሚያጥቡበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት የብልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። ብልሃርዝያ የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው፤ የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ወደ ውሃ ይገባል፣ ይፈለፈልና ወደ ቀንድ አውጣው ይዘልቃል፣ እዚያ ተራብቶ ይወጣና ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ ሰንሰለቱን በጠሰ ማለት ነው። አክሊሉ ለማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጦች በርከት ብለው አዩ። ከዚያ በላይ ባለው ውሃ ግን እንዲያ አልነበረም። ሌላው ሰው አይቶ ባለፈው ነገር ላይ ቆም ብለው ጠየቁ፤ ሳይንስ ከዚህ ይጀምራል።

ምርመራውም በፍሬው ውስጥ ያለው፣ አረፋ የሚያወጣውና ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ። በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስም ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ1966 አክሊሉ ለማ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የዕፅዋት ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን አሰባስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ዝርያ መረጡ። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ በሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የተጀመረው ወንዝ ዳር ከቆሙ አጣቢዎች ነው።

ታዲያ ይህ መድኃኒት ለምን ዓለምን አልሞላም? ገበያውን ይዞ የነበረው በውጭ አገር ፋብሪካ የሚመረተውና ዋጋው የማይቀመሰው ኬሚካል ነበር። በኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው የመርዛማነት ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ብቁ ላብራቶሪ አልተሠራም ተብሎ ተቀባይነት አጣ፤ ምርመራውን በውጭ ላብራቶሪ መድገም ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ ግኝቱ 25 ዓመት ሆኖት ነበር። የሚያመርት ፋብሪካ፣ የሚመረምር ላብራቶሪ፣ ገንዘብ የሚያስቀምጥ አጋር በወቅቱ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብለን እናምናለን። በመኝታ ክፍላችን ክርክር “ዕውቀት አይሸጥም” ያላችሁ ጓደኞቻችን ይህችን አስቡባት።

የእንዶድ ታሪክ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ከመርከቦች ውሃ ጋር ገብቶ ተራባ። የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ከፍተኛ ወጪ አስከተለ። አክሊሉ ለማ በኦሃዮ ግዛት ከሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል አሳዩ። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ጊዜ አላጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የወጣው ባይ ዶል የተባለው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኘን ግኝት እንኳ በስማቸው እንዲይዙ ስለፈቀደላቸው፣ ፓተንት ማስመዝገብ የዘወትር ሥራቸው ሆኖ ነበር። በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ተሰጠ። አክሊሉ ለማ ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆነው ስማቸው ሰፍሯል፤ መብቱ ግን የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ብዙ ሰው “እንዶዳችን ተሸጠ” ይላል። ነገሩን አስተካክለን እንናገር። ፓተንቱ የተሰጠው እንዶድን ለዚያ ፍጥረት መግደያ በመጠቀም ዘዴ ላይ እንጂ በተክሉ ላይ አይደለም፤ ጋቢዋን የምታጥብን እናት የሚከለክላት የለም። ቅሬታው ሌላ ነው፤ ፍሬው አረፋ እንደሚያወጣ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ በዚያ ውል ላይ ስሙ አልተነሣም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ባለሙያ በጎኑ ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም።

ስለ ጤፍ ደግሞ አጠር አድርገን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2005 የአገራችን የብዝሀ ሕይወትና የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤቶች ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ወስዶ ምርት ሊሠራና ትርፉን ሊያካፍል ነበር። ወረቀቱ ሲነበብ ያማረ ነው፤ እንዲያውም ለዓለም ምሳሌ ይሆናል የተባለለት ውል ነበር። ነገር ግን ኩባንያው በጎን በኩል በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2007 አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ውሉ ከከሰረው ኩባንያ ጋር ስለሆነ አብሮ ሞተ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ሆኖ በሕይወት ቀረ! አገራችን ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ እንደሆነ ተጽፏል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። የሚያሳዝነው፣ ጉዳዩን ለፍርድ ያደረሰው የኛ አቤቱታ ሳይሆን ፓተንቱን ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሌላ የአውሮፓ ድርጅት መከላከያ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ኪሳራ ነው ማለት አይደለም። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣውን ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ ተመልከቱ። ተመራማሪዎቹ ብዙ ምርት የሚሰጥ አንድ ዝርያና ፍሬው በጣም ነጭ የሆነ ሌላ ዝርያ አዳቀሉ። ለምን ነጭ? ገበያው የሚወደው ነጭ ጤፍ ስለሆነ ነዋ! ገበሬውም ብዙ አምርቶ በርካሽ ከሚሸጥ ብዙ አምርቶ በደኅና ዋጋ ቢሸጥ ይመርጣል። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቅቆ በየገበሬው ማሳ ተዳረሰ። እዚህ ላይ ተመራማሪው የተወዳጀው ከባሕር ማዶ ኩባንያ ጋር ሳይሆን ከገበሬውና ከእህል በረንዳ ጋር ነው። ትስስር ሲባል ሁልጊዜ ከረባት ያሰረ ሰው ብቻ የሚታየን ለምን እንደሆነ አይገባንም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ዩኒቨርሲቲ የትስስር ዕቅድ አለኝ ሲል የምንጠይቀው ሕንጻው ስንት ፎቅ እንደሆነ አይደለም። ተመራማሪው ከማሳተሙ በፊት ጽሑፉን በጥቂት ሳምንት አይቶ የሚመልስ የፓተንት ክፍል አለው ወይ? የሚያዘገይ ከሆነ ይቅርብን። የላብራቶሪው ምርመራ በውጭ አገር ተቀባይነት አለው ወይ? አለዚያ እንደ እንዶድ ሌላ 25 ዓመት መጠበቅ ነው። ኩባንያው ቢከስር መብቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል የሚል አንቀጽ በውሉ ላይ አለ ወይ? ይህች አንዲት አንቀጽ በጤፍ ውል ላይ ኖራ ቢሆን ብዙ ነገር ባዳነች ነበር።

ስለ ሕዝቡ ዕውቀት ደግሞ ሕግ አለን፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይባላል። በዚህ አዋጅ መሠረት የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመውሰድ የማኅበረሰቡ ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልጋል፤ ከጄኔቲክ ሀብቱ በገንዘብ ከሚገኘው ጥቅምም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ ተደንግጓል። ጥሩ ነው። ነገር ግን እንዶድ የሚያጥቡት የዓድዋ ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ በሸዋም፣ በጎጃምም፣ በወሎም ያጥቡበታል። ነገ አንድ ኩባንያ መጥቶ በእንዶድ ላይ ልዋዋል ቢል ፈቃዱን የምትፈርመው የየትኛው ወንዝ አጣቢ ናት? ገንዘቡስ ለየትኛው ቀበሌ ይሄዳል? በዚህ ጥያቄ ላይ በመካከላችን ገና አልተስማማንም። መልስ አለኝ የምትሉ ጽፋችሁ ለጋዜጣው ክፍል አቅርቡ፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን።