የጽሑፍ እርማት ሶፍትዌር ለጤና ባለሙያው፦ አመራረጡና ጥንቃቄው

በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የጤና መኮንን፣ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ላጋጠማት ነፍሰ ጡር 5 ሚሊ ግራም ሃይድራላዚን በደም ሥር ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ላካት እንበል። የሪፈራሉን ወረቀት በኮምፒዩተር ሲጽፍ በጥድፊያ የደም ግፊት ማውረጃው ሃይድራላዚን ቀርቶ ማሳከክን የሚያስታግሰው ሃይድሮክሲዚን ቢሰፍር፣ ይህም በትክክል የተጻፈ የመድኃኒት ስም ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ምንም ምልክት ላያደርግበት ይችላል። ስሕተት የሌለበትን የነፍሰ ጡሯን የቀበሌ ስም ግን በቀይ ያሰምርበታል። ተቀባዩ ሐኪም ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት እንዳልተሰጣት ተረድቶ በላዩ ላይ ቢደግምባት፣ ግፊቷ ከሚገባው በታች ወርዶ ለእናቲቱም ለጽንሱም አደጋ ይሆናል።

የአገራችን የጤና ባለሙያ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ከሕመምተኛው ጋር እየተነጋገረ፣ የሕክምና መዝገቡን፣ የሪፈራል ወረቀቱንና የምርምር ጽሑፉን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሰዋስው ማረሚያ ሶፍትዌር ለእርሱ ጠቃሚ አጋዥ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ይህን መሣሪያ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ልየታ ምርመራ መመልከቱ ይበጃል። እያንዳንዱ የልየታ ምርመራ ሐሰተኛ አዎንታዊና ሐሰተኛ አሉታዊ ውጤት እንዳለው ሁሉ፣ የማረሚያው ዝምታም ጽሑፉ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

የአሠራር ዓይነቶች

የማረሚያ ፕሮግራሞች በሦስት መንገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት ጋር የሚያነጻጽር ነው። ሁለተኛው በቋንቋ ባለሙያዎች የተዘጋጁ የሰዋስው ሕጎችን ይከተላል። ሦስተኛው ከብዙ ጽሑፍ የተማረውን የቃላት አካሄድ መሠረት አድርጎ የሚገምት ነው። በዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ሦስቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ። ይሁንና አንዳቸውም ለሕመምተኛዋ በእርግጥ የተሰጣት መድኃኒት የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

መሣሪያው የሚጠቅምበት ቦታ

አማርኛ ተናጋሪው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚያዘወትራቸው ስሕተቶች ምንጫቸው ይታወቃል። በአማርኛ የታወቀው ነገር ምልክት በቃሉ መጨረሻ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለብቻው የሚቆመው የእንግሊዝኛው መስተአምር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «በጠዋት»፣ «በመርፌ»፣ «በሆስፒታል»፣ «በክንዱ» ስንል አንዲት «በ» ሁሉንም ትሸከማለች፤ እንግሊዝኛው ግን ለየአንዳንዱ ሌላ መስተዋድድ ይጠይቃል። እንደዚሁም «መጥቶ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ሄደ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ የተስተካከለ ሲሆን፣ እንዳለ ሲሻገር ማን ምን እንዳደረገ የማይለይበት የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። እንዲህ ያሉትን ጉድለቶች በመጠቆም ረገድ ጥሩ ማረሚያ ብዙ ያግዛል።

ሲመረጥ ሊጠየቁ የሚገባቸው

አንደኛ፣ ጽሑፉ ወዴት ይሄዳል? የማይክሮሶፍት ወርድ መሠረታዊ የፊደል ማረሚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ግራመርሊ ግን የሚያርመውን ጽሑፍ ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተሮች ይልካል። ላንጉጅቱል የተባለው ሶፍትዌር በኢንተርኔት ከሚሰጠው አገልግሎት ሌላ፣ በተቋሙ የራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሊጫን የሚችል በነፃ የሚገኝ ቅጂ አለው። የሕመምተኛው ስም፣ የካርድ ቁጥርና የምርመራ ውጤት ያለበት ጽሑፍ ከተቋሙ ውጭ ወደሚገኝ ኮምፒዩተር ከተላከ የሙያ ምስጢር ተጥሷል ማለት ነው። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅም የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዛል። ስለሆነም ለሕክምና መዝገብና ለሪፈራል ተገቢው በተቋሙ ውስጥ የሚሠራው ዓይነት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን ያህሉን ስሕተት ይይዛል? ባለሙያው ይህን ራሱ ሊመዝን ይችላል። የሕመምተኛ መለያ የሌለበትን የቀድሞ ጽሑፉን ወስዶ፣ የሚያውቃቸውን 20 ስሕተቶች በውስጡ ይበትን። ከእነዚህ መካከል የሰዋስው፣ የፊደልና የመድኃኒት ስም ስሕተቶች ይኑሩበት። ፕሮግራሙ 14ቱን ቢይዝ ሴንሲቲቪቲው 70 በመቶ ነው። በተጨማሪም ትክክል የሆኑ ስንት ቦታዎችን ያለ አግባብ እንዳሰመረባቸው ይቁጠር። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የሚያበዛ ፕሮግራም፣ ያለ ምክንያት እንደሚጮህ የዋርድ መሣሪያ፣ ውሎ አድሮ ሰሚ ያጣል።

ሦስተኛ፣ ምክንያቱን ያስረዳል? እርማቱን ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም ጽሑፉን ያስተካክል ይሆናል፤ ጸሐፊውን ግን አያሻሽለውም። ሕጉን በአጭሩ የሚያብራራው ተመራጭ ነው።

የአጠቃቀም ጥንቃቄዎች

ፕሮግራሙ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ አጻጻፍ እንዲሠራ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ የደም ማነስና የጉሮሮ ቧንቧ የእንግሊዝኛ ስሞች እንኳ በሁለቱ አገሮች አጻጻፋቸው ይለያያል። የሕክምና ቃላትን ወደ ግል መዝገበ ቃላት መጨመር ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በስሕተት የተመዘገበ የመድኃኒት ስም ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደ ትክክል ያልፋል።

ሳይጠይቅ የሚለውጠውን አውቶኮሬክት በሕክምና ጽሑፍ ላይ መዝጋት ይመረጣል። ኤክሴል አንዳንድ የጂን ስሞችን ወደ ቀን በመለወጡ የደረሰው ጉዳት ለዚህ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከቀረቡት ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ይህ ስሕተት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2020 የበርካታ ጂኖች ስም የተለወጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ሙሉ አንቀጽ እንደገና የሚጽፉ መሣሪያዎች ተስፋፍተዋል። እነዚህ ቋንቋውን ሲያሳምሩ «ግንኙነት ታይቷል» የሚለውን «ምክንያት ሆኗል» ወደሚል ሊለውጡት ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ የጥናቱን መደምደሚያ ማዛባት ነው። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ በ2023 ባወጣው ምክር፣ ደራሲዎች በእንዲህ ያለ መሣሪያ መጠቀማቸውን እንዲገልጹ፣ መሣሪያው ግን በደራሲነት እንዳይጠቀስ አሳስቧል።

አማርኛ ጽሑፍስ?

ለሕመምተኞች የሚዘጋጁ የአማርኛ በራሪ ጽሑፎች በማረሚያ ረገድ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። «አልሰጠኋትም» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን አድራጊን፣ ተቀባይንና አሉታን ስለሚይዝ፣ የቃሉን መልኮች ሁሉ በመዝገበ ቃላት መዘርዘር አዳጋች ነው። ቃላትን በ«ሀ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» የመጻፍ ልማድም እንደየጸሐፊው ይለያያል። ከዚህም ሌላ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ይሰጣል» የሚለው ሰጪውንም የሚሰጠውን ነገርም ሊያመለክት ይችላል። እዚህ ላይ ከሰው ዓይን የተሻለ መሣሪያ የለም።

በአጠቃላይ፣ ባለሙያው ማረሚያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አምስት ነገሮችን በራሱ ዓይን ማየት ይገባዋል። እነርሱም የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና መለኪያው፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓት፣ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም «የለም» ወይም «አልተሰጠም» የሚሉት አሉታዎች ናቸው። ጊዜ ከተገኘም ወረቀቱን ለሥራ ባልደረባ ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ይበጃል። ከላይ የተጠቀሰችውን እናት ከአደጋ የሚጠብቃት፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ብልቃጥ ጋር ያመሳከረ ባለሙያ ነው።