ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም፤ በግቢያችን ስላሉ ዛፎች አያያዝና ስለ ዛፍ ቆራጭ ቅጥር



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ለአዳራሽ የማይመጥን የጓሮ ነገር ሊመስል ይችላል። በግቢያችን ያለ ዛፍ ሲያረጅ፣ ጣሪያ ሲነካ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጠጋ ማንን እንጠራለን? ምን እንዲሠራ እናዘዋለን? በምንስ እንከፍለዋለን? ስለ ችግኝ ተከላ ብዙ ተነግሯል። በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። አድጎ በቤታችን አጠገብ ስለ ቆመው ዛፍ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ላስረዳ የምሻው ዋና ሐሳብ ይህ ነው። በአካባቢያችን ያለው የዛፍ አቆራረጥ ልማድ በአብዛኛው የተቀረጸው በባሕር ዛፍ ነው። ይህ ልማድ በሌላ ዛፍ ላይ ሲፈጸም ብዙ ጊዜ ዛፉን ይገድላል። ለቆራጩ የምንከፍልበት መንገድ ደግሞ ጥፋቱን ያባብሰዋል።

በመጀመሪያ ልማዱ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ነው። አዲስ አበባን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት ከታደጋት በኋላ በመላው ደጋ ተስፋፋ። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የሚስማማው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ከቅርፊቱ ሥር ተኝተው የሚቆዩ ብዙ እንቡጦች አሉት። ግንዱ ከመሬት አጠገብ ሲቆረጥ እነዚህ እንቡጦች ይነቃሉ፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለማገርና ለአጣና የሚሆን እንጨት ይሰጣል። ይኸው ጉቶ ደጋግሞ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ስለ አቆራረጡ እምብዛም አይጨነቅም፤ ቢሳሳትም ዛፉ ስሕተቱን ይሸፍንለታል። ባሕር ዛፍን ለማውገዝ አልተነሣሁም፤ የስንቱ ገበሬ ቤት በእርሱ እንደ ቆመ ሁላችን እናውቃለን። ችግሩ በእርሱ የለመደው እጅ ወደ ሌላ ዛፍ ሲዘረጋ ነው።

የሐበሻ ጽድን እንውሰድ። ጽድ ቅጠል በሌለበት አሮጌ እንጨት ላይ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣ እንቡጥ የለውም ማለት ይቻላል። ከሥሩ ከተቆረጠ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ቅርንጫፉ ቅጠል እስከሌለበት ድረስ ከተጎመደ ያ ቅርንጫፍ ደርቆ ይቀራል። ጫፉ ከተጎነደለ ደግሞ መበስበስ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ወይራ ከጽድ ይሻላል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ነገር ግን እድገቱ አዝጋሚ በመሆኑ በግማሽ ቀን የተቆረጠውን የቆራጩ የልጅ ልጆች እንኳ መልሰው ላያዩት ይችላሉ። ከደባርቅ ተነሥተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አዲ አርቃይ ስንወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን፤ የግቢው ዛፍም ይለወጣል። በዚያ ዋንዛ፣ ቁርቁራና ማንጎ እናገኛለን። ዋንዛ ሲመለመል መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ይሁን እንጂ በወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ የሚተው ሰፊ ቁስል የመበስበስ በር ይሆናል። እንግዲህ አንድ ዓይነት አቆራረጥ ለሁሉም አይሆንም።

ዛፍ ሲቆስል ምን ይሆናል? የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ በርካታ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ሰንጥቆ ውስጣቸውን ካጠና በኋላ፣ በ1970ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ መሠረታዊ ነገር አስረዳ። የሰው ሥጋ ሲቆስል በአዲስ ሥጋ ይተካል፤ ዛፍ ግን የቆሰለውን እንጨት አይተካም። የሚያደርገው በቁስሉ ዙሪያ ግድግዳ ሠርቶ መበስበሱን ማገድ፣ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት ማልበስ ነው። ይህ መከላከያ ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት፣ አበጥ ብሎ በሚታየው አንገት ላይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ያ አንገት መነካት የለበትም፤ ከአንገቱ ርቆም ረጅም ጉማጅ መቅረት የለበትም። ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከላይ ከተቆረጠ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ይወርዳል። ስለዚህ በሦስት ደረጃ ይቆረጣል። በመጀመሪያ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከታች በኩል በመጋዝ ይነከሳል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ተቆርጦ ክብደቱ ይወርዳል። በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ከአንገቱ ጫፍ ላይ በጥንቃቄ ይቆረጣል። ለዚህ መጋዝ ከመጥረቢያና ከገጀራ ይመረጣል፤ መጥረቢያ ቁስሉን ይሰነጥቀዋል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባትም መበስበስን አያስቀርም። በክረምቱ መካከል መቁረጥ አይመከርም፤ ግንዱ ያዳልጣል፣ እርጥበቱም ለሻጋታና ለፈንገስ ይመቻል።

አሁን ወደ ቆራጩ እንምጣ። በከተሞቻችን ይህን ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው መጥረቢያና ገመድ ይዞ የሚዞር የቀን ሠራተኛ ነው። ብርቱና ደፋር ነው፤ ያለ መታጠቂያ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ይወጣል። ክፍያው ብዙ ጊዜ በእንጨት ነው፤ የቆረጠውን ይዞ ይሄዳል ወይም ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። ለባለቤቱ ነጻ አገልግሎት ይመስለዋል። ነገር ግን ደመወዙ እንጨት የሆነ ሰው ምን ሊቆርጥ እንደሚፈልግ አስቡ። ዛፉ የሚያስፈልገው የደረቀው፣ የተሰነጠቀውና ጣሪያ የሚነካው ቅርንጫፍ እንዲወገድለት ነው። ለቆራጩ የሚጠቅመው ግን ጤናማውና ወፍራሙ ነው። ቆራጩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ውሉ ራሱ ወደዚያ ይመራዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የሥራ ዋጋና የእንጨት ዋጋ ይለያዩ የሚል ነው። ሥራው በጥሬ ገንዘብ ዋጋ ይቆረጥለት። እንጨቱን ቆራጩ ከፈለገው ሥራው ካለቀ በኋላ ለብቻው ይገመትና ከሒሳቡ ይቀነስ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ እንኳ በዚህ መንገድ ምን እንደሰጠና ምን እንዳገኘ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ የሚቆረጡት ቅርንጫፎች አስቀድመው በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፤ ያልተመለከተው እንዳይነካ ይነገር። ሦስተኛ፣ ጣሪያ ወይም የጎረቤት አጥር ቢሰበር ማን እንደሚጠግን፣ ጭራሮውን ማን እንደሚያነሣ በሁለት ምስክሮች ፊት ስምምነት ይደረግ፤ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን። አራተኛ፣ ቆራጩ ብቻውን አይውጣ። ሌላ ሰው ከታች ገመዱን ይያዝ፤ ሕፃናትና ከብት ከግቢው ይራቁ። አምስተኛ፣ ዛፉ ሽቦ አጠገብ ከሆነ ሥራው የቀን ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ተነግሮ መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም መውጣት የለበትም። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ለጥቂት ብር ብሎ የወጣ አባወራ ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። ስድስተኛ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ በአገራችን የደን ሕጎች ልዩ ጥበቃ ከተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች መካከል በመሆናቸው፣ ዛፉን ከመጣል በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ጥሩ ቆራጭ እንዴት ይታወቃል? አንድ ጥያቄ ይበቃል። «ይህን ጽድ ከላይ ብጎነድለው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ያቆጠቁጣል» ካለ አመስግናችሁ አሰናብቱት። «ይደርቃል፤ ይልቅ የትኛው ቅርንጫፍ ነው ያስቸገራችሁ?» ብሎ ከጠየቀ ግን ሥራውን ስጡት፤ ዋጋውንም አትከራከሩት።

ብዙ ጊዜ ግን ዛፍን ለመቆረጥ የሚያበቃው የእኛው አያያዝ ነው። ዛፍ ከቅጠሉ የሚያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን በኩል ነው። በቅሎ ወይም ላም የምትታሰርበት ገመድ ቅርፊቱን ዙሪያውን ከላጠው ሥሩ ይራባል፤ ዛፉም ቀስ በቀስ ይሞታል። ለልብስ ማስጫ የተጠመጠመ ሽቦም ግንዱ ሲወፍር እንደ ማነቂያ ይሆናል። ለመድኃኒት ሲባል ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥም እንደዚሁ ነው። ሥር ጥልቅ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ውሃና ማዕድን የሚስበው አብዛኛው ሥር በላይኛው የአፈር ክፍል ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ግቢ ሲነጠፍ እስከ ግንዱ ሲሚንቶ መሙላት፣ ለአጥር ወይም ለቧንቧ ሥሩን መቁረጥ፣ ከግንዱ ሥር እሳት ማንደድ ዛፉን ያዳክመዋል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ቀን ሲገለጥ ደግሞ ጥፋተኛው ዛፉ ይባላል።

በአካባቢያችን በርካታ ትልልቅ ጽድና ወይራ የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። የተረፉትም ማንም ሳይጠይቅ መጥረቢያ ስለማያነሣባቸው ነው። በየግቢያችን የሚያስፈልገን ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከመጥረቢያው በፊት ጥያቄ ይቅደም።

ውድ ተማሪዎች፣ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በግቢያችሁ ያለውን ዛፍ ስሙን ለዩ፤ ቢቆረጥ ያቆጠቁጥ እንደሆነ እወቁ፤ ከቅርፊቱ ላይ የታሰረ ገመድ ካለም ፍቱት። ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩ።