ተጨማሪ መረጃ፦ የበዓል ጠላና ልጆች
በበዓል ቀን ጠላ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። እንግዳ ሲሸኝ ብርጭቆ የሚሰበስበውም እሱ ነው፤ ጓዳ ሲገባ ከሥር የቀረችውን ጭልጥ ያደርጋታል። አንዳንዴም አባት ራሱ «ትንሽ ቅመስ፣ ምን ይሆናል» ብሎ ይሰጠዋል። ቤት ከቀመሰ ውጭ አያምረውም የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከወላጁ እጅ የተቀበለ ልጅ መጠጥ እንደተፈቀደለት ይቆጥራል፤ አንጎሉ ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አልጨረሰም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የጓዳውን ጋን የሚቆጣጠረው ግን ወላጅ ብቻ ነው። መቅዳቱን ለአዋቂ መተው፣ ልጅን አረቄ ግዛ ብሎ አለመላክ፣ ለልጆች ያልፈላ ብርዝ ለብቻ መበጥበጥ ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ የሚሠራው ጨዋታ ነው፦ ቡና ሲፈላ «ጓደኛህ ጠጣ ቢልህ ምን ትለዋለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው መስማት። ጠጥቶ የመጣን ልጅ ያን ሌሊት መግረፍ አይጠቅምም። በጎኑ አስተኝቶ መጠበቅ፣ ራሱን ከሳተ ቶሎ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ተግሣጹን ለነገ ማሳደር ይሻላል።