የኮታው ዝርዝርና የገበሬው ልጅ

አብነት በመርካቶ ዳር፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። በደርግ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ የሚገባ የገበሬ ልጅ ሥራ ፍለጋ ከሚሰማራባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ አካባቢ ነበር። ጆንያ ይሸከማል፤ በሊስትሮነት ይሠራል፤ ሱቅ በደረቴ ይዞ ይዞራል፤ ሲመሽም ከአገሩ ልጆች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጣቦ ያድራል። ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ግን ወደ መርካቶ ከሚጎርፈው ወጣት መካከል ለእንጀራ ብቻ ያልመጣ ነበረበት። ይህኛው በገበሬ ማኅበሩ ላይ ከተጣለው የውትድርና ኮታ የሸሸ ነው።

የሸሸው ነገር ግን ከተማ ውስጥም ይጠብቀው ነበር። የከተማው ቀበሌዎችም የሚያሟሉት ኮታ ነበራቸውና፣ ዘመድም ዋስም የሌለው፣ የቀበሌ መታወቂያ ያላወጣ የገጠር ልጅ ለአፈሳ የቀረበ ነበር። በአንዱ ማኅበር ዝርዝር የጠፋው ወጣት በሌላው ቀበሌ ዝርዝር ተሞልቶ ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል። አባቱ ግን መርካቶ ሠርቶ ይልክልኛል እያለ ይጠብቃል።

አዋጁና አፈጻጸሙ

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነና ጤናው የተሟላ ኢትዮጵያዊ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት እንዲቆይ ይደነግግ ነበር። ለተመለከተው ሰው ግዴታው ለባለሥልጣኑም ለገበሬውም ልጅ እኩል ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን እኩልነቱ ጠፋ። በኤርትራና በትግራይ የሚካሄደው ጦርነት በየጊዜው ሰው ስለሚፈጅ፣ ከላይ የሚወርደው ትእዛዝ ዕድሜ ሳይሆን ቁጥር የሚጠይቅ ሆነ። ወረዳው ለገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው በዚህ ቀን አቅርብ ይላል፤ ቁጥሩን ወደ ስም የሚለውጠው ሊቀ መንበሩና ኮሚቴው ነው።

ጉዳቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ኮታውን ያላሟላ ሊቀ መንበር ቅጣቱ በራሱ ላይ እንዳይመጣ ይፈራል። ስለዚህ ብዕሩ ደፋ ቀና የሚልለት ወደሌለው ሰው ያዘነብላል። አባት የሞተበት፣ የመበለት አንድያ ልጅ፣ በመሬት ጉዳይ ከኮሚቴው ጋር የተጣላ፣ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የተጠጋ ሰው በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ ይገኛል። ገንዘብ ወይም በግ ያቀረበ ደግሞ ይዘለላል። ለስብሰባ ተብሎ ተጠርቶ በዚያው የተወሰደ ነበር፤ 18 ዓመት ያልሞላውም ልጅ ሳይቀር ተወስዷል። ወጣቶች ሌሊቱን በጫካና በማሳ ማደር ጀመሩ። በእርሻ ወራት ሞፈር የሚጨብጥ ጉልበት ከቤቱ ሲሸሽ፣ ሽማግሌው ወይም ሴቲቱ በሬ ያለው ጎረቤት መለመን ግድ ሆነባቸው።

መሬት ያከፋፈለ እጅ

ሊታሰብበት የሚገባው ነገር፣ ይህንኑ ሥራ እንዲሠራ የታዘዘው ማኅበር ገበሬው ከጥቂት ዓመታት በፊት በእልልታ የተቀበለው መሆኑ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በ800 ሄክታር ላይ ማኅበር እንዲቋቋም፣ ማኅበሩም ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መሬት እንዲያከፋፍል ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ሳይቆይ ግን በ1968 ዓ.ም. ገበሬዎች ያረጀ መሣሪያ ይዘው ለራዛ ዘመቻ ወደ ኤርትራ አቅጣጫ እንዲተሙ ተደረገ፤ ዘመቻውም ሳይሳካ ተበተነ። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲተላለፍ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ በብዛት ገበሬ ነበር። የሶማሊያ ወረራ በገፋበት ወቅት በፈቃዱ የዘመተ ብዙ ነበር። በኋላ ግን ፈቃዱ ሲሟጠጥ ኮታው ተተካ፤ መሬት ያከፋፈለው እጅም ልጅ የሚወስድ እጅ ሆኖ ታየ።

ቁጥር ግን ጦርነቱን አላሸነፈም። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት፣ የካቲት 1981 ዓ.ም. ደግሞ ሽሬ ላይ ሠራዊቱ ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ኮሚሽን ወደ 455 ሺህ የሚጠጉ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የማቋቋም ሥራ ጀመረ። ግማሽ ያህሉ ወደ ገጠር ተመልሰው መሬት፣ ዘርና በሬ ፈለጉ። ስሙን በሌሊት የጻፉበት ወጣት፣ አንዳንዱም አካሉን አጥቶ፣ የእርሻ መሬት ይሰጠኝ ብሎ ወደዚያው ቀበሌ መጣ።

ለዛሬው መሪ

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ለምልመላ በሚል ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ያለፈቃዳቸው መያዛቸውንና ለመለቀቅ ገንዘብ የተጠየቀበት ሁኔታ መኖሩን አስታውቋል። ስለሆነም በብዙ ስፍራ እስከ ዛሬ በገበሬ ማኅበርነት የሚጠራውን የገጠር ቀበሌ የሚመራ ሁሉ ከትናንቱ የሚማረው አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የነዋሪው መዝገብ ዕድሜን በትክክል መያዝ አለበት፤ ሕፃን በኮታ ስም ሊሰጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ስም የሚጻፈው በኮሚቴ ጓዳ ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይሁን፤ ሕዝብ ያየው ዝርዝር ለጉቦም ለቂምም አይመችም። ሦስተኛ፣ አቤት የሚል ወላጅ የሚሰማው ይኑር። ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ ትእዛዝ ሲመጣም፣ ሕጉ የሚለውን ጠቅሶ በጽሑፍ መመለስ የመሪ ድፍረት ነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል በዚያን ዘመን ብዙዎችን አሳስቷል። ሹመቱም ኮታውም አልፈዋል። ያላለፈው፣ አብነት ገብቶ የቀረውን ልጇን እስከ ዛሬ የምትጠይቅ እናት ጥያቄ ነው፤ ጥያቄዋም የሚቀርበው ከሁሉ አስቀድሞ ለጎረቤቷ ለቀድሞው ሊቀ መንበር ነው።