የአጓት በረዶ ለአዘዞ ውሻ

የአዘዞ ሙቀት ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት መግቢያ ይበረታል። አዘዞ ከጎንደር መሀል ከተማ ዝቅ ብላ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያረፈበትን ሜዳ ይዛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በእነዚህ ወራት እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ያን ጊዜ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ከብቱ ዛፍ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። በግቢው በር አጠገብ በሰንሰለት የታሰረው ውሻ ግን ጥላው ሲዞር አብሮ መዞር አይችልም። ማደሪያው ከቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከደጁ ይልቅ ውስጡ ይግላል። ሌሊቱን ቤት ሲጠብቅ ያደረ እንስሳ ቀኑን እንዲህ ሆኖ ያሳልፋል። ለእንዲህ ያለው ውሻ በቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ቀላል ነገር አለ፤ የበረዶ ቅምሻ ነው።

የበረዶ ቅምሻ ማለት ለውሻ የሚስማማ ፈሳሽ ወይም የተፈጨ ምግብ በትንንሽ ዕቃ ቀድቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማርጋት ነው። በአሜሪካ ይህ ዛሬ በሱቅ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኗል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር የነበሩት ዊልያም ታይዝኒክ ለውሻ ብለው የፈጠሩት፣ ኋላም በፑሪና ስም ለገበያ የቀረበው ፍሮስቲ ፓውስ ከታወቁት አንዱ ነው። አዘዞ ላይ ግን የሚገዛ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ዋናው ግብዓት ላም ባለበት ቤት ሁሉ የሚገኝ ነው፤ አጓት።

ውሻ እንዴት ይቀዘቅዛል?

ሰው ሲሞቀው ገላው ሁሉ ያልበዋል። ውሻ ግን ላብ የሚወጣው በአብዛኛው ከእግሮቹ መዳፍ ብቻ ስለሆነ በላብ ሙቀቱን ማብረድ አይችልም። መድኃኒቱ ማለክለክ ነው። ምላሱን አውጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከምላሱ፣ ከአፉና ከአፍንጫው የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። የተነነው እርጥበት ደግሞ መተካት አለበት፤ ውኃ ያጣ ውሻ ማለክለኩም አይጠቅመውም። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቋል።

በረዶ የሚልስ ውሻ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያገኛል። በረዶው ለመቅለጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከአፉ ይወስዳል። የቀለጠው ደግሞ ውኃ ሆኖ ይገባለታል፤ ጣዕም ስላለውም ውኃ ሲቀርብለት ችላ የሚል ውሻ እንኳ ይልሰዋል። ሦስተኛው ጥቅም ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል እንስሳ የሚሠራው ነገር ያገኛል። መላስ ውሻን ያረጋጋዋል፤ ያለ ምክንያት የሚጮኸውና መሬት የሚጭረው ውሻ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ሐሳቡን የሚጥልበት ነገር ይኖረዋል።

ከማዕድ የተረፈው

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። በየቤታችን የሚበላው ግን ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ምግብ አይደለም፤ ከእኛ የተረፈ እንጀራና ወጥ ነው። እንጀራው ችግር የለውም። ውሻ ከሰው ጋር በኖረበት ዘመን ሆዱ እህልን ለምዷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ዘረመል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ አለው። ሰው እህል አምርቶ ሲቀመጥ ውሻም ከደጁ ተቀምጦ አብሮ ተለውጧል።

ጉዳቱ ያለው ወጡ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። መብሰላቸው ይህን አያስቀረውም፤ በየቀኑ በጥቂቱ ሲገባም እየተጠራቀመ ደም ማነስ ያመጣል። የወጣችን ሁሉ መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ነው። በርበሬውና ጨው የበዛበት መረቅ ጥሙን ያብሳል፤ በበጋ ይህ እጥፍ ጉዳት ነው። የበረዶ ቅምሻ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለውሻው አስበን፣ የሚስማማውን መርጠን፣ ከእኛ ድስት ለይተን የምንሠራለት ምግብ ነው። አንዴ ይህን የለመደ ቤት የዕለት ምግቡንም ማሰብ ይጀምራል።

ሁዳዴ እና አጓት

የአዘዞ ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በ55ቱ ቀን ከጾመኛ ቤት ሥጋም ወተትም ከማዕድ ይርቃል፤ ውሻው ባይጾምም የሚደርሰው የጾም ምግብ ነው። ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። ወተቱ እየረጋ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፣ አሬራው በእሳት ሞቅ ተደርጎ አይብ ይወጣዋል። ከአይቡ ተጠልሎ የሚቀረው ቢጫማ ውኃ አጓት ነው። አጓት ለጥጃና ለውሻ መስጠት የቆየ ልማድ ስለሆነ አዲሱ ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

አጓት ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ ከወተቱ የቀረ ጥቂት ፕሮቲንና ማዕድንም አለው። የወተት ስኳር የማይስማማቸው ውሾች ብዙ ናቸው፤ ተቅማጥ ያመጣባቸዋል። በረጋ ወተት ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ከዚህ ስኳር የተወሰነውን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት አጓት ከጥሬ ወተት ይሻላል። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ከሁለትና ከሦስት ማንኪያ አትለፉ፤ ሆዱ ካልተረበሸ በሚቀጥለው ቀን ጨምሩለት።

አሠራሩ

አጓት በዱባ። አጓቱን አፍሉት። ወተቱ ሳይፈላ የተናጠ ከሆነ ለአይብ የሞቀው እሳት ብቻውን ተሕዋስያኑን ስለማይጨርስ ይህን ማለፍ አይገባም። በአዘዞ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፈላ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በእሳቱ ላይ አቆዩት። ዱባውን ልጣጩንና ፍሬውን አውጥታችሁ ያለ ጨው ቀቅሉና ፍጩት። አንድ ብርጭቆ አጓት በግማሽ ብርጭቆ ዱባ አዋሕዱ። ዱባው ጣዕም ከመስጠቱ ሌላ በረዶው እንደ ድንጋይ እንዳይጠነክር ያደርጋል፤ ይህ ለጥርሱ ይጠቅማል። ንጹሕ በረዶ የሚያኝክ ውሻ የኋላ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍራፍሬ በውኃ። አጓት ለሌለው ቤት ይህ ይበቃል። የበሰለ ሙዝ፣ ፍሬው የወጣለት ፓፓያ፣ ፍሬው የወጣለት ማንጎ ወይም ፍሬው የተለቀመ ሐብሐብ ፈጭታችሁ በእኩል ውኃ በጥብጡት። ስኳር አይጨመርም፤ ፍራፍሬው ራሱ በቂ ጣፋጭ ነው።

የአጥንት መረቅ። ይህ የፍስክ ጊዜ ነው። የበሬ ወይም የበግ አጥንት ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም ለረጅም ሰዓት ቀቅሉ። ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን ስብ አንሡ፤ ብዙ ስብ የውሻን ቆሽት ያሳምማል። የተቀቀለውን አጥንት ግን አትስጡት። የበሰለ አጥንት ሲታኘክ ስለት ሆኖ ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል።

ሦስቱንም በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ወይም በበረዶ ማውጫ ገበታ ቅዱ። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ በዚሁ ምክንያት ሊሰነጠቅ ስለሚችል የቡና ስኒ አይመከርም። አዳሩን ከረጋ በኋላ ኩባያውን ከውጭ ውኃ ስታስነኩት ተላቅቆ ይወጣል። ከእነ ኩባያው፣ ከእነ ጣሳው ወይም ከእነ ፌስታሉ ለውሻ መስጠት አይገባም።

የማይገባው

ሽንኩርቱን ጠቅሰናል። ቸኮሌትና የቡና አተላ የውሻን ልብ ያስመታሉ፣ ያንቀጠቅጡታል፤ ቡና ሲወቀጥና ሲቀዳ በሚዋልበት ቤት አተላው የሚደፋበትን ቦታ መጠበቅ ነው። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። የጠላ አተላ ውስጡ አልኮል ስላለው ለውሻ አይሆንም። ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካና አንዳንድ ጣፋጭ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ በጥቂቱም የውሻን የደም ስኳር በአንዴ አውርዶ ሊገድለው ይችላል። የሻገተ ለውዝም ሆነ የሻገተ እንጀራ ለጉበቱ መርዝ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የሚፈጸመው በበዓል ነው። ለፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ ሳንባው፣ አንዳንዴም ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ጉበት፣ ለሚጠብቁት ውሾች ጥሬውን ይጣላል። በእብጠቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻ ሲበላው በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከሣርና ከአፈር ወደ ከብት፣ ካልታጠበ አትክልትና ካልታጠበ እጅ ወደ ልጆቻችን ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ይህን ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ብዙ ተሕዋስያን ቅዝቃዜ ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ሳንባና ጉበት ለውሻ የሚሰጠው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከተቀቀለ ብቻ ነው። እብጠት የታየበት ሲሆን ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ይሻላል። ጥሬ ሥጋ በበረዶ ቅምሻ ውስጥ የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሰጣጡ

መብራት በሚጠፋበት ሠፈር በትንሹ መሥራት ይሻላል። ቀልጦ የዋለ አጓት ወይም መረቅ እንደገና ረግቶ አይሰጥም፤ ይደፋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የተዘጋጀውን በንጹሕ ዕቃ ከድኖ፣ ዕቃውን በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቢያኖረው ቀዝቀዝ ይልለታል፤ እንደ በረዶው ባይሆንም ለውሻው ይጠቅመዋል፤ መሰጠት ያለበት ግን በዚያው ቀን ብቻ ነው።

በረዶውን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አቆዩትና በራሱ ሳህን፣ ጥላ ሥር ስጡት። ሁለት ውሻ ካለ ለየብቻ አራርቃችሁ ስጡ፤ ያለዚያ ይነካከሳሉ። የቅምሻ ድርሻ ከቀን ምግቡ 10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ለመካከለኛ ውሻ በቀን አንድ ትንሽ ኩባያ ይበቃል። ልጆች እንዲሰጡት ከተፈለገ አዋቂ አጠገባቸው ይቁም፣ ከዚያም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ሙቀት ለመታው ውሻ ግን በረዶ ሕክምና አይሆነውም። ሲንገዳገድ፣ ምራቁ ሲወፍር፣ ድዱ ፍም ሲመስል ወይም ሲወድቅ ካያችሁ ወደ ጥላ ወስዳችሁ ገላውን ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡለትና ወደ እንስሳት ሐኪም አድርሱት። ራሱን በሳተ ውሻ አፍ ምንም ነገር አይገባም።

ከቅምሻው የሚቀድመው

ጥላ የሌለው፣ የውኃ ሳህኑ የደረቀ ውሻ በቀን አንድ ኩባያ በረዶ ቢሰጠው ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጎድል ንጹሕ ውኃ፣ ረዘም ያለ ሰንሰለት፣ ከዚያም ቅምሻ ነው። ከእነዚህ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትል መድኃኒት መምጣት አለባቸው። ለዚህ የጎንደር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ጥቅሙ ከሰው አልፎ ስሜን ተራራ ድረስ ይሄዳል። በዚያ የሚገኘውና በዓለም ላይ ጎልማሶቹ ከ500 በታች የቀሩት ቀይ ቀበሮ ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ ይኸው በሽታ ነው። ቤቱ የሚበላ ያገኘ ውሻ ደግሞ ቆሻሻ ፍለጋ የመዞሩ ነገር ይቀንሳል።

ለውሻ የሚደረግ እንክብካቤ ገንዘብ የተረፈው ሰው ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። የአጓት በረዶ ዋጋው ግን የአንድ ቁራጭ ዱባ ዋጋ ነው። ቀሪው ሐሳብ መስጠት ነው፤ አጓቱን ከመድፋት በፊት ለማን እንደሚሆን ማሰብ፣ ወጡ ከመጣሉ በፊት ምን እንዳለበት ማየት። በአዘዞ ብዙ ግቢ ሌሊቱን በሰላም የሚያድረው በውሻ ጆሮ ነው። ደመወዝ ለማይጠይቅ ዘበኛ በሙቀቱ ወር አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ነገር መሥራት የሚገባ ክፍያ ነው፤ በሁዳዴ አይብ የሚያወጣ ቤት ሁሉ ሊጀምረው ይችላል።