አልነቃነቅ ያለ ሚዛን

በምኖርበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 52 የሆነ፣ ሦስት ልጆች ወልደው ያሳደጉና በሒሳብ ሠራተኛነት የሚያገለግሉ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ሐኪም የደም ግፊታቸውን ለክቶ ክብደት እንዲቀንሱ ከመከራቸው ዕለት ጀምሮ ጠዋት ስኳር የሌለው ሻይ፣ ቀትር ላይ ግማሽ እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ ማታ ሰላጣ ብቻ እየቀመሱ በአምስት ወር ውስጥ ከ84 ኪሎ ወደ 76 ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆመ። እሳቸውም ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው የቀትሩን ግማሽ እንጀራ ወደ ሩብ አወረዱት። በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ደርበው፣ እጃቸው በረዶ ሆኖ፣ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያዳፋቸው ባገኘኋቸው ጊዜ «ምን በልቼ ነው ወንድሜ? ከዚህ ወዲያስ ምን ልተው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ብዙ አስመረመረኝ፤ መልሱንም ያገኘሁት ሊተዉት በሚገባው ነገር ላይ ሳይሆን ሊጨምሩት በሚገባው ላይ ነው።

የሰው ሥጋ ምግብ በጎደለበት ጊዜ የሚያደርገውን ነገር በብዙ ትጋት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አንሰል ኪስ ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ በተቃረበበት፣ የአውሮፓም ሕዝብ በረኃብ በሚጠወልግበት ዘመን፣ ጦር መሣሪያ ማንሳትን ኅሊናቸው ያልፈቀደላቸውን 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ሰበሰቡ፤ አስቀድመውም በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል ሲመግቧቸው ከቆዩ በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለስድስት ወር ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ አወረዱባቸው። ይህ መጠን ዛሬ ብዙ ሴቶች «ዳይት ላይ ነኝ» ብለው ከሚበሉት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ የሚያህለውን አጡ፤ የልብ ምታቸው ዘገየ፤ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያነደው ኀይል 40 ከመቶ ያህል ቀነሰ። በአገራቸው በጋ በሆነው በሐምሌ ካፖርት ደርበው ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንሿን ምግባቸውን በውሃ እያበዙ ሁለት ሰዓት ያህል ሲያላምጡ፣ ሳህናቸውን ሲልሱ፣ ሌሊት የምግብ አሠራር መጻሕፍት እንደ ዳዊት ሲደግሙ የታዩት እነዚህ ሰዎች፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በአእምሮም በአካልም የተመረጡ ጽኑዓን ነበሩ። ኪስም በ1950 ባሳተሙት ባለ ሁለት ቅጽ ሥራቸው እንዳመለከቱት፣ ሰዎቹ እንዲያገግሙ ጥቂት ጥቂት መጨመር አልበቃም፤ በደንብ መብላት አስፈልጓቸዋል።

የጎረቤቴን ጋቢ ባየሁ ጊዜ ያ የሐምሌ ካፖርት ነው ትዝ ያለኝ።

ሰውነት በተፈጥሮው እንደ ብልህ የገዳም መጋቢ ነው፤ ጎተራው መጉደሉን ባየ ጊዜ የሚወጣውን እህል በመስፈሪያ ያሳንሳል፣ መብራቱን ያደበዝዛል፣ ሥራውን ያዘገያል፤ ረኃቡ የመጣው ከድርቅ ይሁን ከሐኪም ምክር የሚለይበት ዐይን ግን የለውም። የጎተራውን ወሬ ለአንጎል የሚያደርሰው፣ በ1994 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት፣ ሌፕቲን የተባለው ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ነው፤ ስብ ሲያንስ እርሱም ያንሳል፣ አንጎልም ረኃብን ያነሣሣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው በ2016 እንዳሰሉት፣ ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር የዕለት ወጪው ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ሲወርድ፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን በ100 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። ስምንት ኪሎ የቀነሱት ወይዘሮ እንግዲህ ሳያውቁት ከምን ዓይነት ግፊት ጋር ሲታገሉ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በኀምሳ ዓመት ላይ ያለች ሴት በዚህ ሁሉ ላይ «ስላረጥሽ እሳትሽ ጠፍቷል» የሚል ሌላ ፍርድ ይጨመርባታል። ይህ ፍርድ እውነት አይደለም። ሄርማን ፖንዘርና ብዙ ባልደረቦቻቸው በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አረጋዊ ድረስ ከ6,400 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ የአካል መጠን ከታሰበበት በኋላ ሰውነት የሚያነደው ኀይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ሳይለወጥ እንደሚቆይ፣ በማረጥ ዘመንም የተለየ ውድቀት እንደሌለ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ የሚለወጠው ሌላ ነው፤ ኤስትሮጅን ሲቀንስ ስብ ከዳሌና ከጭን ወደ ሆድ ይዛወራል፤ ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሌሊት «ሙቀት ሙቀት ይለኛል» የሚባለው ሕመም እንቅልፍን ይነሣል። በቂ ገንቢ ምግብ የሌለበት ዳይት ደግሞ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይዞ ስለሚሄድ፣ ሴቲቱ ልታጣው የማይገባትን ነው የምትሰጠው።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ላታልል አልፈልግም፤ ምግብ መጨመር በራሱ ስብ አያቀልጥም። በ1992 በኒው ዮርክ፣ ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም ያሉ ሰዎች በጥንቃቄ ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው የሚያነደው እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ከሚበሉት ግን በአማካይ 47 ከመቶ ያህሉን ሳይቆጥሩት ቀርተው ነበር። ውሸታሞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የእኛን ቤት ማሰብ ይበቃል፤ ወጥ ሲወጠወጥ የሚቀመሰው፣ ልጅ ያስተረፈው ፍርፋሪ፣ ከሦስቱ ስኒ ቡና ጋር የሚታፈሰው ቆሎና ፈንዲሻ፣ እምቢ ሊባል የማይገባው ጉርሻ ከማን ሒሳብ ላይ ይውላል? ጎረቤቴም ዐስበው ዐስበው ቀትር ላይ የተዉት እንጀራ ማታ በቆሎና በዳቦ ቁራሽ እየተተካ እንደ ነበር ራሳቸው ነገሩኝ። ቀትር ላይ ያጎደሉት ማታ በእጥፍ ይጠየቃል፤ ስለዚህ በሰዓቱ በርከት ብሎ መብላት በጠቅላላው ያነሰ ለመብላት መንገድ ይሆናል።

ሊጨመር የሚገባውም ከሁሉ በፊት ፕሮቲን ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሥነ ምግብ ሊቃውንት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፤ ለ76 ኪሎ ሰው ከ76 እስከ 91 ግራም ማለት ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የተቀቀለ ምስር 18 ያህል ይሰጣል። ወይዘሮዋ ጠዋት በሻይ ፈንታ ሁለት እንቁላል ከዳቦ ጋር መብላት ጀመሩ፤ ቀትር ላይ ሽሮው ወፈረ፣ ምስርም ተጨመረበት፣ እንጀራውም ወደ አንድ ተመለሰ። በጾም ወራት እንቁላሉ ሲቀር የሽምብራ አሳ፣ እልበትና የሱፍ ፍትፍት ገቡ፤ ጾሙ የነፍስ ነውና ከሚዛን ጋር እንዳይደባለቅ አጥብቄ ለመንኳቸው። ኩላሊት የሚያማቸው ሰዎች ግን ፕሮቲን ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን መጠየቅ አለባቸው፤ እንደዚሁም ያለ ምክንያት የሚበርዳቸውና የሚደክማቸው ሴቶች የታይሮይድ ዕጢና የደም ማነስ ምርመራ ሊያደርጉ ይገባል፤ እሳቸውም አድርገው ነበር፣ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

ምግቡ ብቻውን ጡንቻ አይሆንም፤ ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራውም ለአጥንት ጭምር ይጠቅማል። በአውስትራሊያ አጥንታቸው የሳሳ፣ ያረጡ ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር፣ ከባድ ክብደት ለስምንት ወር አንሥተው፣ የወገባቸው አጥንት ጥግግት 2.9 ከመቶ ያህል ጨምሯል። የእኛ ሕንፃ ሊፍት የለውም፣ ውሃም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞልተው በሁለት እጃቸው ይዘው ከወንበር እየተነሡ መቀመጥ ጀመሩ። ከሁለት ወር በኋላ ጀሪካኑ ዐሥር ሊትር ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ጨመረ፤ በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተመለሰው ስኳር ውሃ ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሜ ባልነግራቸው ኖሮ በዚያው ይተዉት ነበር። ከዚያ ቆመ፤ ቀጥሎም በጣም በዝግታ መውረድ ያዘ፤ በአራተኛው ወር 74 ሆነ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ነጠላቸውን አስተካክለው መቀነታቸውን ያዙና፣ ቀድሞ ሁለት ዙር ብቻ ይዞር የነበረው ሦስተኛ ዞሮ፣ ጫፉም ገና ስንዝር ያህል እንደሚተርፍ አሳዩኝ።