እርከን፣ ጉድጓድና ወፍጮ

የአየር ንብረት ቢዛባ፣ መንግሥትና ገበያ ቢናጉ በራሱ የሚቆም መንደር የመገንባት ሐሳብ በውጭው ዓለም ብዙ ተከታይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን የተባሉ አውስትራሊያውያን «ፐርማካልቸር» ያሉትን የእርሻ ዘዴ በመጽሐፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የእንግሊዟ ቶትነስ ከተማ ነዋሪዎች የነዳጅ ጥገኝነታቸውን ለመቀነስ ተሰባሰቡ። በሩን ዘግቶ ስንቅ የሚያከማችም አለ፤ ያ መንገድ ግን ሩቅ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ የኮንሶ ተራሮች ያሳያሉ።

የኮንሶ መሬት ድንጋያማና ተዳፋት ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ሕዝቡ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ የሠራው እርከን አንዳንድ ቦታ ከፍታው 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እርከኑ አፈር ይይዛል፣ የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፣ ውሃው ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ያቆየዋል። ከማሽላው ጋር የሚበቅለው ሽፈራው በደረቁ ወራት እንኳ ቅጠሉ አይጠፋም፤ ኩርኩፋ የሚባለው የአካባቢው ምግብ የሚበላው በእሱ ነው። ይሁንና እርከን አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ከላይ ያለው ካብ ሲናድ ጎርፉ የሚወርደው ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ስለሆነ፣ ጥገናው የባለማሳው ብቻ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። «ሐርዳ» የሚባለውን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬም የሚቆፍሩትና የሚጠርጉት በጋራ ነው።

ወደ ጉራጌ፣ ሲዳማና ጌዴኦ ስንሻገር መተማመኛው እንሰት ነው። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን የመኸር ወቅት አይጠብቅም። ዝናብ ሲቀር ጤፍና በቆሎ ማሳ ላይ ይቀራሉ፣ እንሰት ግን ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ሴቶች ተሰባስበው ከእንሰቱ የሚፍቁት ቆጮም ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለክፉ ቀን ይቆያል። በአገሪቱ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖረው በዚህ ተክል ነው። የሚያሰጋው እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ በመቁረጫ ቢላዋ ሳይቀር ከጓሮ ጓሮ ይዛመታል።

በትግራይ፣ ውቅሮ አቅራቢያ የምትገኘው አብርሃ ወአጽብሃ የተጎዳ መሬትም እንደሚያገግም ማስረጃ ናት። ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። እነሱ ግን ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ከለሉ፣ ክትርና ኩሬ ሠሩ፤ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል በየጓሮው ጉድጓድ አውጥተው ፍራፍሬ ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ደረሳቸው።

በፎገራ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ግን መሬት እንኳ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በደርግ ዘመን ወደ ደቡብ ተሰዶ፣ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ተመልሷል። በጥቂት ሄክታር እርሻ መኖር ስለማይቻል ሽመናና ወፍጮ ጀመረ። ደንበኞቹ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ ወፍጮው አይዞርም። ለአረጋውያኑ መጦሪያ ያቆመ መንደር በጎረቤት ገበያ መኖሩ ድክመት አይመስለኝም።

ጉርብትና ሲፈርስ የሚሆነውንም ኮንሶ አይታዋለች። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ያን ጊዜ እርከኑ አላስጣላቸውም፤ ባለቤቱ የተሰደደበት ካብ ደግሞ ሲናድ የሚያነሳው የለም።